በደረቀው የገና ጥድ ስለተነሳው እሳት ወ/ሮ ሸምሲያ በከር የሰጡት ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሸምሲያ በከር
ዕድሜ፦ 44 ዓመት
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት

ከወ/ሮ የሺሀረግና ከልጃቸው ከቤርሳቤህ ጋር ለአሥራ አንድ ዓመት በር ለበር ጎረቤታሞች ነን። ወ/ሮ የሺሀረግ የ76 ዓመት ሴት ሲሆኑ ግራ ጎናቸው ስለማይታዘዝላቸው ያለ ሰው እርዳታ አይነሱም። ቤርሳቤህ ስትወጣ እሳቸውን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ቤርሳቤህ ጥዱን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የገዛችው ታኅሣሥ 6 ቀን ነው። እናቷ የፕላስቲኩን ስለማይወዱ ተቆርጦ የመጣ እውነተኛ ጥድ ነበር። አሸዋ በሞላ የቀለም ባልዲ አቁማ መስኮቱ ሥር፣ መጋረጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ውሃ አይጠጣም ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ መብራት ስለተጠመጠመበት ውሃ ቢነካው ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይይዝ እንደፈራች ነገረችኝ። እኔም እውነቷን መስሎኝ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነኩት ይረግፍ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠርጌዋለሁ።

ታኅሣሥ 28 ቀን ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ሲሆን ቤርሳቤህ የበዓል ዕቃ ልትገዛ ወደ አብነት ወጣች። ስትወጣ መብራቱን ከሶኬቱ ነቅላ "እትዬ ሸምሲያ፣ እኔ እስክመጣ እንዳይሰካ፤ ገመዱ ይግላል" አለችኝ። ትንሽ ቆይተው ወ/ሮ የሺሀረግ "ልጄ፣ ነገ እኮ ገና ነው፤ አብሪልኝ" አሉኝ። ቤርሳቤህ ትቆጣለች ብላቸው "እናቷ እኔ ነኝ!" ብለው ሳቁ። ለአንድ አፍታ ምን ይሆናል ብዬ ሰካሁት።

ውሃ ላመጣላቸው ወደ ማድቤት ገባሁ። ብርጭቆው ሳይሞላ፣ የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እሳቱ ጣሪያ ነክቷል። እንዲህ የሚሮጥ እሳት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አሥር እስኪቆጠር እንኳ አልቆየም፤ ጥዱ ከታች እስከ ላይ፣ ከዚያም መጋረጃው ተያያዘ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወ/ሮ የሺሀረግ ግን ሳይጮኹ "አንቺ ውጪ፣ ልጆች አሉሽ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነቃሁ። አዝያቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሳስቀምጣቸው የነጠላቸው ጫፍ ይጨስ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች 10፡25 ሰዓት ላይ ሲደርሱ ሳሎኑ ተቃጥሎ አልቆ ነበር። ወ/ሮ የሺሀረግ ጢስ ስለገባባቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ትናንት ዓይናቸውን ገልጠዋል።

ቤርሳቤህ መብራቱን ሰክታ የወጣችው እሷ እንደሆነች ለፖሊስ መናገሯን የሰማሁት እዚያው ሆስፒታል ነው። ለምን እንዲህ አልሽ ስላት "እናቴን አዝላ ያወጣችልኝን ሴት ጣቢያ ልስደዳት?" ብላ አለቀሰች። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሶኬቱን የነቀለችው እሷ ናት፤ የሰካሁት እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነብቦልኛል፤ ያየሁትንና ያደረግሁትን እንዳለ የያዘ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ። ቀኝ እጄ በቃጠሎው ምክንያት በፋሻ ስለታሰረ በፊርማ ፈንታ የግራ አውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ሸምሲያ በከር
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን ሰብለወንጌል (ፊርማ)