የበር ዳሩ ጆሮ

(ድሬዳዋ ከዚራ፣ የነስሩ ራዲዮ መጠገኛ ሱቅ፤ ከቀትር በኋላ። የቤተ ክርስቲያኑ ሙዚቀኛ ጋሽ ወንድይራድ በብረት እየዳበሰ የሚጫወተውን፣ ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚቀበል ማግኔት የተገጠመለትን ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሟል።)

ወንድይራድ፦ ልጅ ሆኜ እዚሁ በር ላይ አባትህ ለመምህሬ ሲነግረው ሰምቻለሁ እኮ። «ማግኔቱ ወደ ክሮቹ ማሰሪያ በተጠጋ ቁጥር ድምፁ ይጠራል» አለው። ከዚያ ባቡሩ አፏጨና የቀረው አመለጠኝ።

ነስሩ፦ የሚሻለው የቀረው ነበር፣ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ በል አስጠጋው። አንድ ጣት ብቻ።

ነስሩ፦ በሁለት ወር ሦስተኛዎ ነው። በብሎን ቀዳዳ እንጨቱ ወንፊት ሆነ።

ወንድይራድ፦ ታፍኗል እያልኩህ። ብርድ ልብስ የደረበ ይመስላል።

ነስሩ፦ ለእኔ መርፌ ነው።

ወንድይራድ፦ ያንተ ጆሮ ራዲዮ ለምዶ ነው። ባለፈው እሁድ ስጫወት እናቶች እጃቸውን ሲያነሱ ባየህ። መንፈስ ነክቷቸው።

ነስሩ፦ የት ድረስ አነሱት?

ወንድይራድ፦ ወደ ላይ ነዋ።

ነስሩ፦ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ እዚያው ነበሩ። እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነው የቆመው አሉኝ። መዘምራኑም ከመድረክ ሊያወርዱዎት እየተማከሩ ነው።

ወንድይራድ፦ አስካለ ድሮም ነገር ትወዳለች።

ነስሩ፦ እሺ፣ ጊታሩን ይስጡኝና ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ።

ወንድይራድ፦ ይኸው ዞርኩ።… ምን ትጠብቃለህ? ምታ እንጂ።

ነስሩ፦ ቀጭኗን ክር ሦስት ጊዜ መታኋት፣ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ …መቼ?

ነስሩ፦ አሁን።

ወንድይራድ፦ ሐኪሙ የዕድሜ ነው ብሎኛል። መድኃኒት የለውም አለ። ለሰው አልተናገርኩም፤ ማግኔቱን ባስጠጋው ቀጭኗ የምትመለስልኝ መስሎኝ።

ነስሩ፦ አላህ ላይችል አይሰጥም።

ወንድይራድ፦ የእኛም ፓስተር እንዲሁ ይላል። እኔ ግን አልቻልኩም፣ ነስሩ። አርባ ዓመት ሌላ ሥራ አላውቅም።… አባትህ የቀረውን ምን አለ?

ነስሩ፦ ሥራ ሲያስተምረኝም ይለኝ ነበር። «ሲጠጋ ይጠራል፣ ሲበዛ ይወጋል። ልኩን ያንተ ጆሮ አይነግርህም፤ በሩ ጋ የተቀመጠውን ሰው ጠይቅ።»

ወንድይራድ፦ ማግኔቱን ወደ ጊታሩ አንገት ከመለስከው እኔ ምን ልሰማ?

ነስሩ፦ ወፍራሞቹን። ቀጭኗ ስትንቀጠቀጥ ጣትዎ ያውቃታል።

ወንድይራድ፦ ጣት።

ነስሩ፦ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፣ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ በል ፍታው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ መልሰው። ለአስካለም ንገርልኝ፣ እሁድ በሩ ጋ ትቀመጥ። እጇን እያየሁ እጫወታለሁ።