የወይዘሮ ወሰንየለሽ ሁለተኛ ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ2021 የኡጋንዳዋ ካምፓላ ለሁለተኛ ጊዜ በኮሮና በተዘጋች ሰሞን ታክሲም ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲም ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ስለ ነበር የምንሄደው በእግራችን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የማኪንድዬን ዳገት ስወጣ ወይዘሮ ወሰንየለሽን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሰፈራችን የአበሻ ምግብ ቤት ያላቸው ብርቱ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ግን ፊታቸው ገርጥቷል። አጠገባቸው ኑሃ ቆማለች። ኑሃ የጅማ ልጅ ስትሆን በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ነርስ ናት፤ እሷም ከሥራ ስትመለስ ነው ያገኘቻቸው።

«ጋሽ ሙሉነህ፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። «ጡቴ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ተባልኩ። ይቺ ልጅ ደግሞ ዓይነቱን የሚለይ ሌላ ምርመራ ያድርጉ ትለኛለች። ሞት ዓይነት አለው እንዴ?»

ይህን ለወንድ መናገራቸው ብቻ ምን ያህል እንደ ታከታቸው ነገረኝ።

«ሞት ሳይሆን በሽታው ነው ዓይነት ያለው፣ እትዬ» አለች ኑሃ። ድምፅዋ ዝሏል። «አንዱ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ነው፤ እሱን ክኒን ያዳክመዋል። ሌላው ክኒኑን ከነመኖሩም አያውቀውም፤ ለሱ ኪሞ የሚሉት በደም ሥር የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ያስፈልጋል።»

«የወንድሜ ልጅ በስልክ ያነበበውን ነግሮኛል። ጥቁር ሴት የሚይዛት ክፉው ነው፤ ነጮቹ ይድናሉ፣ እኛ እንሞታለን። ታዲያ ምን ያደክመኛል?»

«ያነበበው ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ክፉው ዓይነት በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ይልቁንም በምዕራብ አፍሪካ። በእኛ አገር ሴቶች በተደረጉ ጥናቶች ግን የሚበዛው በሆርሞን የሚያድገው ነው። ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። ሐኪምም ቆዳ አይቶ መድኃኒት አይመርጥም። ደግሞ የእኛ ሰው አብዝቶ የሚሞተው በዘሩ ብቻ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለሚመጣና መድኃኒቱን ስለማያገኝም ነው።»

«ክፉው ቢሆንስ?»

«ኪሞውን ቶሎ እንጀምራለን። ካልተመረመሩ ግን የትኛውም መድኃኒት በጊዜው አይደርስልዎትም።»

 «እህቴ በዚሁ ነው የሞተችው» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። «ሐኪም ቤት ልሂድ ስትለኝ፣ ጸበል ይበቃሻል ያልኳት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ስትሄድ ጡቷ ቆስሎ ነበር። አሁን እኔ ብድን፣ እሷም ልትድን ትችል ነበር ማለት አይደል?»

ለካ ክርክሩ ሁሉ ከዚህ የመጣ ኖሯል። ኑሃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ያኔ አላወቁም፣ እትዬ። ዛሬ አውቀዋል። ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ማንም አይከለክልዎትም። ምርመራውን ግን ያድርጉ። ዛሬ ብቻ ይህንኑ ለአራት ሴቶች ተናግሬያለሁ፤ ሁለቱ ጥለውኝ ሄዱ። እርስዎ አይሂዱብኝ።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ የልጅቱን እጅ ያዙ። «እሺ፤ ነገ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱም ሄዱ። ውጤቱ በሆርሞን የሚያድገው ሆነ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ዛሬ በየቀኑ ክኒን ይውጣሉ። መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ ቶሎም ይደክማቸዋል። ሐኪሙ «ድነዋል» ብሎ አልማለላቸውም፤ በየጊዜው ይከታተላቸዋል። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በምግብ ቤታቸው ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ እያስቀመጡ «ጡትሽን ታያለሽ ወይ?» ይላሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ የምርመራውን ጥቅም ከእኔ ምክር ይልቅ ዛሂዳ ታስረዳ። በእሳቸው ወጥ ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ያን ጥያቄ ስትጠየቅ አለቀሰች፤ ሽምብራ የምታህል እብጠት ደብቃ ኖሯል። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። የእሷ ክፉው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ግን ገና አልተሠራጨም ነበር። ኪሞው ጠጉሯን ሁሉ አረገፈው። ባለፈው ሳምንት ምሳ ልበላ ስገባ ሻሿን አስራ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ወይዘሮ ወሰንየለሽም ደክሟቸው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ሽንኩርቱን አደቀቅሽው እያሉ ይቆጧታል።