የአያ ካሳ ክብሪት

በመካነ ሰላም መናኸሪያ እኔን የማያውቅ አውቶቡስ የለም፤ ግማሾቹ ያለ እኔ ምክር ሞተራቸው አይነሳም። ባለፈው ሚያዝያ ማለዳ የአዲስ አበባው እስኪሞላ ስጠብቅ ጎረቤቴን አያ ካሳን አገኘኋቸው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን የኔአለምን በእጅ ይዘው ትኬታቸውን ካልመለስሁ ይላሉ።

"ምነው አያ፣ የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ለዚህ ሳምንት አልነበረም?" አልኋቸው።

"ይቅርብን። ጭንቅላቷን ከፍተው እኔን ደጅ ሊያስቀምጡኝ ነው። በሽታው ሲጥላት ማን ክብሪት ጭሮ ያሸታታል?" አሉና የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

ልጅቱን የሚጥል በሽታ ከያዛት አራት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሞክሮ አሁንም በቀን አምስት ስድስቴ ይጥላታል።

እኔም መምከር ጀመርሁ። ስለ አንጎል የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጨምሬ፣ መናኸሪያው ጸጥ እስኪል ተናገርሁ።

"ጨረስህ?" አሉኝ አያ ካሳ።

ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠች ሴት ሳቀች። ሲስተር ፈይዛ ነበረች፤ የከተማችን ልጅ፣ አዲስ አበባ የአንጎል ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸውን ሕፃናት የምታስታምም ነርስ።

"አባቴ፣ ክብሪቱንማ በር ላይ እንቀበልዎታለን። ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ እሳት ያባብሳል።"

"ታዲያ ቁጭ ብለሽ ታያታለሽ?"

"አዎ፣ ዋናው ሥራዬ ማየት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በየሰዓቱ ቀስቅሼ ስሟን እጠይቃታለሁ፣ ዓይኗን በባትሪ አያለሁ፣ ጣቴን ጨብጪኝ እላታለሁ።"

"የታመመ ልጅ ከእንቅልፉ ትቀሰቅሻለሽ? አንቺስ ልጅ የለሽም?"

"ሁለት አሉኝ። ጠዋት የጨበጠ እጅ ከሰዓት ከላላ ሐኪሙን በሩጫ የምጠራው እኔ ነኝ። ሳልቀሰቅሳት በምን አውቃለሁ?"

ሽማግሌው ሊመልሱ ሲሉ የኔአለም ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ክብሪቱ ወጣ። ፈይዛ ግን ቀድማ ልጅቱን በጎኗ አስተኛቻት፤ የአያ ካሳን ጋቢ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገች፤ አፏ ውስጥ ምንም ሳትከት ሰዓቷን አየች።

"ሁለት ደቂቃ" አለች ሲተዋት። "ከየት ነው የጀመራት?"

"ከግራ አውራ ጣቷ። ሁልጊዜ ከዚያ ነው፤ ቀጥሎ አፏ ይጣመማል። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።"

"አብሽሩ፣ ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ይኸንኑ ነው፤ የአንጎል መመርመሪያ መሣሪያው ከሚያሳየው ጋር ያስተያዩታል። ጨርሶ ይለቃታል ብዬ አልምልልዎትም፤ ቀዶ ጥገናው አደጋ አለው። በቀን ስድስቴ መውደቅም አደጋ ነው። ከአልጋዋ አጠገብ የአስታማሚ ወንበር አለ። ክብሪቱን ትተው ሰዓት ይዘው ይቀመጡበት።"

አያ ካሳ የልጅቱን ግንባር ሲጠርጉ ቆዩ።

"ሰዓት የለኝም" አሉ በመጨረሻ።

ለወሎ ቦረና ሕዝብ ሁሉ ከስዊዘርላንድ መጣልኝ ያልሁትን፣ ከአጅባር ገበያ የገዛሁትን ሰዓቴን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ክብሪቱን ሰጡኝና አውቶቡስ ውስጥ ገቡ። እንግዲህ ያሳመንኋቸው እኔ ነኝ፤ ፈይዛም ትንሽ ረድታኛለች።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ እናንተም ክብሪቱን ተዉ። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

በጥቅምት አያ ካሳ ሰዓቴን ሊመልሱልኝ መጡ። የኔአለም ኪኒኗን እየዋጠች ትምህርት ቤት ገብታለች።

"ይኸ ሰዓትህ በቀን አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል" አሉኝ። "ለነገሩ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጥሏት ሰዓቱን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።"