ሉብና ያነበበችው የሠርግ ወረቀት

— ሄሎ? …ሄሎ፣ ማን ልበል? …ጋሽ አብዱልሐሊም! ወአለይኩም ሰላም! እንዴት ሰነበቱ? ግራና ከተማ የሄዳችሁበት ሠርግ እንዴት አለፈ? …አልሐምዱሊላህ። ሉብናስ፣ የኔ አንደኛ፣ ምነው ዛሬ ከክፍል ቀረች? …ትምህርት ቤት አልሄድም አለች? እሷ?

— …እህ። …እንግዳው ፊት የጥሪውን ወረቀት አንብቢ አሏት። …እንዴታ፣ የልጅ ልጅዎ አይደለች! …ምን አለች? «አሚር በሬውን ውሃ አጠጣ»? የአማርኛ መጽሐፋችንን ዓረፍተ ነገር? የሠርግ ወረቀት ይዛ? …ውይ፣ ሙሽራውን በሬ አደረገችብዎ! …አይ… ይቅርታ ጋሼ፣ መሳቅ አልነበረብኝም። …ሰዉ ሁሉ ሳቀባት?

— …ደንግጣ ነው የሚሆነው። ይመኑኝ፣ እሷ መጽሐፉን እንደ ውሃ ነው የምታንበለብለው። በወላጆች ቀን የመርሳ ሰው በሙሉ አጨብጭቦላት ቦርሳ ተሸልማ የለ እንዴ! …ሄሎ? ይሰሙኛል? …መጽሐፉን ገልብጠው ሰጧት? …ተገልብጦም አነበበችው?

— …አንዴ ይጠብቁኝ። ሓበን! ነይ ወዲህ! …ልጄ ናት ጋሼ፣ ከሉብና ጋር ነው የምትማረው። …ሓበን፣ እዚህ የጨው ፌስታል ላይ፣ ጣቴ ያለበት፣ ይቺ ፊደል ማን ናት? …አይ፣ ከ«ሀ» አትነሺ። …ዜማውን ተይውና ይቺን ብቻ በይኝ! …ይቺን ብቻ!

— …ሰሙ? …ከ«ሀ» ጀምራ እየዘመረች ካልደረሰችባት አታውቃትም። የእኔ ልጅ። የአስተማሪዋ ልጅ።

— …አብሽሪ አይበሉኝ ጋሼ፣ በአላህ! …በትሬን ይዤ ገበታው ፊት እቆማለሁ። ሁሌ ከ«ሀ» እስከ «ፐ»። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ፣ እኔ ደስ ይለኛል። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣማ «ጮክ በሉ!» እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ፊደሉ ላይ ይሁን ጣራው ላይ፣ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። …ኧረ አፈርኩ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

— …«እኛም ቁርኣኑን መጀመሪያ በቃላችን ነው የያዝነው»… ይሁን፣ በቃል መያዙን አልነቅፍም። ፊደሉን ነጥሎ፣ ደባልቆ ማሳየት ግን የእኔ ሥራ ነበር። ሉብናን የስሟን ፊደል እንኳ ሌላ ቃል ውስጥ ፈልጊ ብያት አላውቅም። …አጠገብዎ ናት? …እስቲ ይስጡልኝ።

— ሉብና? …ቲቸር አልጋነሽ ነኝ። …አታልቅሺ እናቴ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ያስተማርኩሽን ነው ያልሽው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። …ነገ ትመጫለሽ? …ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፣ ጮክ… አይ፣ ተይው፣ ጮክ አትበይ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

— …ቦርሳውን? …«ቦርሳውን ልመልስ ወይ?»

— …የለም፣ ሉብናዬ። አትመልሺም። እሱኑ አንግበሽ ነይ። መመለስ ያለብኝስ እኔ… ሄሎ? ሉብና? ሄሎ!

— …ተቋረጠ። ሓበን፣ ቆመሽ አትዪኝ። ያንን የግድግዳውን የፊደል ገበታ አውርጂው። መቀሱንም አምጪልኝ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንነጣጥላቸዋለን።