ሙጫ ያነባው ጥድ

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በነበረው በጋ፣ አቶ ሀይደር ከጊምቢቹ ገበያ መጥረቢያ አስለው ሲመለሱ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ሰሚራን ከእንሰት ማሳቸው ዳር አገኟት። የደን ተማሪ ናት፤ ለእረፍት መጥታለች። እሳቸውና ሟች ሚስታቸው ረምላ የተከሏቸውን የፈረንጅ ጥዶች ግንድ እየዳሰሰች ጣቷን ታሸታለች።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ። መጥረቢያው ለማን ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ለታመሙት። ግንድ የሚበሳ ትል ገብቷል። ሙጫ የሚያነቡትን ቆርጬ ጤነኞቹን ላድን።»

«የሚያነቡትንስ አይንኩብኝ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ጥዶቹ ከሌሉ ነፋሱ እንሰቱን ይተለትለዋል፤ እንሰት የሌለው ቤት ደግሞ ቆጮ የለውም። በዚህ ይቀለዳል?

«ልጄ፣ እንሰት ሲታመም ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ያን ነቅለን ካልጣልን ማሳው ያልቃል። ኮሌጅ ይህን አስረሳሽ?»

«ለእንሰት ልክ ነዎት። የእንሰቱ ፈሳሽ በሽታው ራሱ ነው። የጥዱ ሙጫ ግን መድኃኒቱ ነው። ትሉ ሲበሳው ቀዳዳውን ይደፍንበታል፤ ይመርዘዋል።»

«ሙጫ የሌለበት ደረቁስ? እሱ ጤነኛ ነዋ።»

«ትል ካልነካው ይሆናል። ተነክቶ ዝም ካለ ግን ያሰጋል። እስቲ ጫፉን ይዩት።»

ቀና አሉ። ሙጫ ያነባው ጥድ ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ ደረቅ ግንድ ያለው ግን ጫፉ ቡናማ ሆኗል። እስከ ዛሬ ግንድ ግንዱን ብቻ ሲያዩ ከርመዋል። ማየታቸው ግን ግራ መጋባታቸውን አባሰው።

«ሁሉንም ባንድ መደብ አፍልተን ባንድ ክረምት ተከልናቸው። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ። ምን ለያያቸው?»

«ዘራቸው። እንሰት ከእናቱ ሥር ስለሚፈላ ልጁ እናቱን ነው። ጥድ ግን ከፍሬ ይበቅላል፤ እናትም አባትም አለው። የእርስዎ ልጆች ሁሉም አንድ ናቸው?»

«አንድ ቢሆኑማ ባረፍኩ።»

ሰሚራ ሳቀች። «ሙጫ መሥራትን ሁሉም ከዘሩ ያውቃል። ልዩነቱ ያን የሚቀሰቅሰው ላይ ነው። በየቤቱ ጦር አለ እንበል። ሌባ ሲመጣ አንዱ ውሻው ሳይጮህ ይነሳል፤ ሌላው በሩ ከተሰበረ በኋላ ይነቃል። ይህን አነቃቅ ዛፉ ከወላጆቹ ይወርሳል።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ነቅቶ ቢያድር አይሻልም?»

«ሌሊቱን ዘብ ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ያርሳል?»

አቶ ሀይደር እንሰቱንና ጥዱን አፈራርቀው አዩ። ሰው በሚያውቀው ሰብል የማያውቀውን ሲለካ እንዲህ ይሳሳታል፤ መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ዕቃው ሌላ ይሆንበታል።

ነገር ግን በወሬ ብቻ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ጫፉ ቡናማ ወደሆነው ጥድ ሄደው ቅርፊቱን በመጥረቢያው ጫፍ ፈነቀሉት። ትሉ ከሥሩ ይርመሰመሳል፤ ሙጫ ጠብታ የለም።

«ይኸኛው ነው የሚቆረጠው» አለች ሰሚራ ቀስ ብላ። «ቅርፊቱም ይቃጠል። ካረንጓዴዎቹ ፍሬ ይልቀሙና ያፍሉ። ያነባ ሁሉ ይድናል አልልም፤ ትሉ ከበዛ እነሱም ይሸነፋሉ። ከልጆቻቸው መካከል ግን ቶሎ የሚነቁት ካሁኖቹ ይልቅ ይበዛሉ። ነፋስ መከላከያው ይጠነክራል፣ እንሰቱ ይተርፋል፣ ለጎረቤትም ችግኝ ይሆናል።»

«ሁሉም ገብቶኛል አልልሽም» አሉ። ከማሳው ጥግ ወዳለው፣ ከሁሉ ይልቅ ሙጫ ወዳለበሰው ጥድ ሄደው መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ሲያነሱት ተጣበቀባቸው።

«ይኼን ረምላ ናት በእጇ የተከለችው። ዛሬ ከሁሉ አስቀድሜ ልቆርጠው የነበረው እሱን ነው። ፍሬው መቼ ይደርሳል፣ ልጄ?»