ሸሚዜን ለብሶ የመጣው

እናንተዬ፣ ሐይቅ ላይ የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ያውም የራሴን ሸሚዝ ለብሶ።

ግንቦት ላይ ሐይቁን የወረረውን የእንቦጭ አረም ልንነቅል ጣናን ተሻግረን ዘምተን ነበር። የነቀልነውን ዳሩ ላይ ከመርነውና የየቡድናችን ክምር እንዲለይ እንጨት አመሳቅለን በየክምሩ አናት ላይ ተክለን ጨርቅ አለበስነው። እኔ አሮጌ ሸሚዜን ሰጠሁ። አብረውኝ ዓሣ የሚያሰግሩት ሽማግሌ ሐጂ ግን አላማራቸውም። «ከውሃው አርቁት ልጄ፤ ክረምት ሲገባ ሐይቁ እዚህ ድረስ ይመጣል» አሉ። «ኧረ ሐጂ፣ ደርቋል እኮ! ከእንግዲህ ምን ነፍስ አለው?» ብዬ ሳቅሁ። ሁላችንም ደክሞን ስለነበር እንዳለ ትተነው ተመለስን።

መስከረም ላይ፣ ጧት በጉም፣ መረባችንን ልናነሳ ከሐጂ ጋር ከባሕር ዳር በታንኳ ወጣን። ያን ሰሞን ነፋሱ ከማዶ ወደ እኛ ነበር። ድንገት ሐጂ መቅዘፋቸውን ተዉ። ከፊታችን አንድ ሰው እጆቹን ዘርግቶ ውሃው ላይ ቆሟል፤ እግሩን ሳያነሳ ይቀርባል። «በስመ አብ!» አልሁ። «ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ። ሲጠጋን ሸሚዜን አወቅሁት። ሞቷል ያልነው ክምር፣ ጎርፉ ከየማሳው ያወረደለትን ማዳበሪያ ጠጥቶ ለምልሟል፤ ሐምራዊ አበባ አውጥቷል።

«ስንት ክምር ነበር የተውነው?» አሉኝ ሐጂ በሹክሹክታ።

«አሥራ አንድ።»

በመቅዘፊያቸው ወደ ጉሙ አመለከቱኝ። ሌሎቹም ጨርቃቸውን እንደለበሱ፣ እንቦጭ ደርሶበት ወደማያውቀው ዳርቻችን ተሰልፈው እየመጡ ነበር።