ወርቅ የሌለው ሙሾ

(ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች መንደር፣ ከእትዬ ይታክቱ ደጃፍ፤ በደርግ ዘመን ሙሾአቸውን በቴፕ የቀዱት የፎክሎር ምሁር ዶክተር ስንሻው፣ ነገ በሚመረቀው የባህል አዳራሽ እንዲያወርዱት አሮጊቷን እየለመኑ ነው።)

ስንሻው፦ ሁለት ስንኝ ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ ይታክቱ። አዳራሹ የተሰየመው በባለቤትዎ በደሳለው ስም ነው። እርስዎ ከሌሉበት ምኑን ምርቃት ሆነ?

ይታክቱ፦ ለደሳለው አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሙሾ እንደ ዘፈን ድገሚው አይባልም።

ስንሻው፦ አሁንማ ሙሾ ብቻ አይደለም። ወጣቱ በቃሉ ይዞታል፤ ሹማምንቱም የትግል ቅኔ ነው እያሉ በየስብሰባው ያነሱታል።

ይታክቱ፦ ቅኔ ነው ብሎ ማን ነገራቸው?

ስንሻው፦ እኔ ነኝ፣ በመጽሐፌ። ይኸው ሦስተኛ እትሙን ይዤልዎታለሁ።

ይታክቱ፦ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ አንብብልኝ።

ስንሻው፦ «ንቡ ኮበለለ ባዶ ቀፎ ጥሎ፣
ገደል ገባ አሉኝ ማሩን አንጠልጥሎ።»

ይታክቱ፦ ይህስ የኔ ነው። ከሥሩ የጻፍከውስ?

ስንሻው፦ የግርጌ ማስታወሻውን? «ንቡ ባሏ ነው፤ ማሩ ጠመንጃው። ሸፍቶ ገደል ውስጥ መሽጓል። ሞተ ተብሎ የሚለቀሰው መንግሥትን ለማዘናጋት ነው» ይላል። ወርቁ ይህ ነው።

ይታክቱ፦ መቼ ነበር የጻፍከው?

ስንሻው፦ ተማሪ ሳለሁ፣ ለመመረቂያዬ። አንድ ቅጂ ለአውራጃው አስገባሁ፤ ደንብ ነበር። መጽሐፍ የሆነው በኋላ ነው።

ይታክቱ፦ ያኔ ስትቀዳኝ፣ ባልሽ ምን ሆኖ ሞተ ብለኸኛል?

ስንሻው፦ አልጠየቅኩም። ሐዘንተኛ ነበሩ፤ አፈርኩ። ሰዉ «ገደል ገባ» ሲለኝ ሸፈተ ማለቱ መሰለኝ።

ይታክቱ፦ ደሳለው ማር ቆራጭ ነበር። በገመድ ወርዶ የገደል ማር ሲቆርጥ መጫኛው ተበጠሰ። ሲያነሱት ማሩ ከእጁ አልወጣም። ባዶ ቀፎ ያልኩት ይህን ቤት ነው፤ ልጅ አልነበረንም። ያየሁትን አለቀስኩ እንጂ ወርቅ የሚሉትን እኔ አላውቅም።

ስንሻው፦ ጠመንጃስ?

ይታክቱ፦ ቢላዋ ነበረው፣ ማር መቁረጫ።

ስንሻው፦ ይህን ሁሉ ዘመን ታዲያ ለምን ዝም አሉ?

ይታክቱ፦ የተናገረ ሰው ምን እንደደረሰበት አይቼ ነዋ። በዓመቱ ታጣቂዎች ወረቀት ይዘው መጡ፤ ደሳለውን አውጡ አሉ። መቃብሩን አሳየናቸው። «ግጥሙ ተፈትቷል፣ አታሞኙን» አሉ። ወንድሜ ቢያድግልኝ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ማለላቸው፤ በእጄ ነው የቀበርኩት አላቸው። ውሸታም ብለው እሱን ወሰዱት። በዚያው ቀረ። የት እንደጣሉት እንኳ የነገረኝ የለም።

ስንሻው፦ እኔ... አላወቅኩም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

ይታክቱ፦ ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይላል ያገሬ ሰው።

ስንሻው፦ መምህሬ «ወርቅ ያላወጣህበትን ግጥም አታምጣብኝ» ይሉኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ እኮ፣ የሃያ ሁለት ዓመት።

ይታክቱ፦ ቢያድግልኝ አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ስንሻው፦ ያ መንግሥት ወደቀ፤ አሁንማ ደሳለው ተከብሯል። ያኔ ሽፍታ ያሉት ዛሬ አርበኛ ተብሏል።

ይታክቱ፦ እነዚያ ሽፍታ ነው አሉ፣ እነዚህ አርበኛ ነው አሉ። ማር ቆራጭ ነበር የሚል መንግሥት ግን እስካሁን አልመጣልንም።

ስንሻው፦ ይህን ነገር ሌላ ሰው ያውቃል?

ይታክቱ፦ የሚያውቁት አልቀዋል። እኔ ቀረሁ።

ስንሻው፦ እንግዲያው... ነገ ባይደክሙስ? መንገዱም ጸሐዩም ለእርስዎ አይሆንም። አሟቸዋል እላለሁ።

ይታክቱ፦ አሁን ደግሞ አትምጪ ሆነ?

ስንሻው፦ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።

ይታክቱ፦ መጽሐፉስ? እንዲህ ተሳስቼ ነበር፣ በዚህም ሰው ጠፋ ብለህ አትጽፍም?

ስንሻው፦ ማዕረጌም እንጀራዬም በዚያች ገጽ ላይ ነው የቆመው፣ እትዬ። በሚቀጥለው እትም እስቲ እናያለን።

ይታክቱ፦ እስከዚያ እኔ አልቆይህም። ነገ እመጣለሁ። አንተ ከፊት ወንበር ተቀመጥ፤ ስምህን ስጠራ ሰዉ አንተን ፍለጋ እንዳይንጠራራ።